ቅኔ ቤትና ሥዕል ቤት፤ ፈጠራን ስለ ማስተማር

ተማሪ ከራሱ ልብ አመንጭቶ እንዲናገር ማስተማር ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ሥርዐት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። በዋሸራ፥ በዋድላና በጎንጅ የኖሩትን የቅኔ ቤቶች ታሪክ የተመለከተ ሰው ግን ይህን አሳብ ሊቀበለው አይችልም።

የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ካጠና በኋላ በሁለት ቤት ከምታልቀው ከጉባኤ ቃና ዠምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ በኋላም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም ቤቱ የተሰበረውን ያቃናሉ፤ ምሥጢሩ የሳሳውን ይነቅፋሉ። ሌላው የተናገረውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ትልቅ ነውር ነው። ሰሙን ከመጽሐፍ ወይም ከአገር ታሪክ ቢያመጣውም፥ ወርቁን የሚያገናኘው ተማሪው ራሱ ነው። ይህንም የሚያደርገው ቍራሽ ለምኖ የሚያድር ልጅ መሆኑን ስናስብ፥ ምግብና መጽሐፍ የተሟላለት ተማሪ ማስታወሻ ሸምድዶ ብቻ ፈተና ማለፉ ያሳዝናል።

የሥዕል ቤቱ ልማድ ከዚህ ይለይ ነበር። በዚያ ደቀ መዝሙሩ የሚመሰገነው የመምህሩን መልክ ሳያዛባ ሲከተል ነው። ቢሆንም ታሪክን በሥዕል ማውራትን አላጣነውም፤ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ክፍል ከፋፍለው የሣሉት ሠዓሊዎች ፊደል ያልቈጠረው ሰው እንኳ ነገሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው እንዲከተል አድርገዋል።

በቺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ/ም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን መሠረቱ። በኮሎኝ ከተማ ተምረው ተመልሰው በዚያው ያስተማሩት ገብረ ክርስቶስ ደስታም ሠዓሊም ገጣሚም ነበሩ። ሥዕልና ግጥም በአንድ መምህር መገናኘታቸው ለተማሪዎቹ ቀላል ዕድል አልነበረም።

የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ ደግሞ ተማሪ ግጥሙን፥ ሥዕሉንና ድምፁን በአንድ ስልክ ማዋሐድ ይችላል። መሣሪያው ግን ለመፍጠር እንደሚያመች ለመገልበጥም ያመቻል። ስለዚህ መምህሩ ስልኩ ከመከፈቱ አስቀድሞ ተማሪውን እንደ ቅኔ ተማሪ ለብቻው ያስቀምጠው፤ ሥራው ሲያልቅም ምሥጢሩን በጓደኞቹ ፊት በቃሉ ያስፈታው። የቀድሞዎቹ ተማሪዎች ከዛፍ ሥር የቈጠሩት ቅኔ ግን አብዛኛው በጽሑፍ ሳይሰፍር፥ ከሰሚዎቹ ጋር ዐልፏል።