ከሊብሬ እስከ ውክልና፤ የአሮጌ መኪና ክርክር ታሪክ

ከግለሰብ አሮጌ መኪና ገዝታችሁ ከሻጩ ጋር ከተካሰሳችሁ፣ ነገሩ በእናንተ አልተጀመረም። አፋችን ላይ ያሉት ቃላት ራሳቸው ታሪኩን ይነግሩናል፤ ሊብሬና ቦሎ ከጣሊያንኛ፣ ደላላ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው።

ከመኪና በፊት ሰው በሬ ሲገዛ ሻጩን ዋስ ያስጠራው ነበር። በሬው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው አለ ማለት ነው። መኪና ሲመጣ የዋሱን ቦታ ሊብሬ ያዘ። ሊብሬው ግን የባለቤቱን ስምና የሻንሲ ቁጥሩን ይናገራል እንጂ ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደተፈታ፣ ላሜራው ስንት ጊዜ እንደተቀጠቀጠ አይነግራችሁም።

ይህን ክፍተት የሞላው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ሻጩ ነጋዴ ይሁን ጎረቤት አይለይም፤ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ዋስትና ይሰጣል። ገዢው በበኩሉ ዕቃውን ቶሎ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ከዚያ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ፣ ሻጩ ሆን ብሎ ካላታለለው በቀር፣ መብቱን ያጣል። ሻጩ እያወቀ ጉድለቱን ከደበቀ ደግሞ «ባለበት ሁኔታ ሽጫለሁ» የምትለው የውል ቃል አታድነውም።

ሞያሌን ተሻግራችሁ ኬንያ ስትገቡ ቦታ የሚቀይረው መሪው ብቻ አይደለም። የኬንያ የዕቃ ሽያጭ ሕግ በቅኝ ግዛት ዘመን፣ በ1931 እ.ኤ.አ.፣ የእንግሊዝን ሕግ ተከትሎ የወጣ ነው። መኪና ነግዶ የማያውቅ ግለሰብ ከሸጠላችሁ፣ ስለ ጥራቱ በውሉ ቃል ካልገባ በቀር ሕጉ በራሱ ዋስትና አይጨምርላችሁም። የመሸጥ መብት እንዳለው ግን ማረጋገጥ ግዴታው ነው።

እንግዲህ በወረቀት ላይ የእኛ ሕግ ለገዢ ይሻላል። ታዲያ የእኛ ገዢ ለምን ይሸነፋል? እኔ እንደማየው ጥፋቱ የልማዳችን ነው። ግብር ለመቀነስ ሲባል በውሉ ላይ ከተከፈለው ያነሰ ዋጋ ይጻፋል፤ ሽያጩ ሲፈርስ ዳኛ ፊት የሚቀርበው የተጻፈው ነው። ስም ማዛወር ቀርቶ መኪናው በውክልና ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል። የማውቃት አንዲት ነጋዴ በሦስተኛ እጅ የገዛችውን ሚኒባስ የሟች ወራሾች መጥተው «የአባታችን ነው» አሏት። ከሸጠላት ሰው ጋር ለመነጋገር እንኳ ስልኩ አልተገኘም።

የቅርቡ ዘመን ነገሩን አባባሰው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተፈላጊነቱ ጨመረ፤ ገዢውም «ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው» ሲባል መካኒክ ሳይጠራ ቀብድ ይሰጣል።

ቀብድም በዚያው የ1952 ሕግ ውስጥ አለ፤ ገዢው ሐሳቡን ቢቀይር ይቀርበታል፣ ሻጩ ቢቀይር እጥፉን ይመልሳል። ዋጋ በሚንርበት ገበያ ግን ቀብዱ ትንሽ ከሆነ ሻጩ እጥፉን ከፍሎ ለሌላ ቢሸጥ ያተርፋል።