የእንግሊዝኛ ተደራጊ ግሥ ታሪክና የተርጓሚው ኀላፊነት

እንግሊዝኛ ለሚማር ሰው አድራጊና ተደራጊ ግሥ ብዙውን ጊዜ የሚቀርቡለት እንደ ሒሳብ ስሌት ነው። ተሳቢው ወደ ፊት ይመጣል፤ ግሡ ይለወጣል፤ ባለቤቱም «ባይ» በሚለው መስተዋድድ ታስሮ ወደ መጨረሻው ይሄዳል። መልመጃው የቅርጹን ለውጥ በሚገባ ያስተምራል። እንግሊዝኛ ተደራጊውን ስለ ምን እንደሚያዘወትር ግን አያስረዳም። ይህን ለመረዳት ወደ ቋንቋው ታሪክ መመለስ ያስፈልጋል።

እስከ 11ኛው መቶ ዓመት ድረስ የተነገረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ባለቤትንና ተሳቢን የሚለዩ ባዕድ መድረሻዎች ነበሩት። ስለዚህ ተሳቢው ከዐረፍተ ነገሩ መነሻ ላይ ቢቀመጥም ትርጉሙ እምብዛም አይምታታም ነበር። መድረሻዎቹ እየደከሙ ሲጠፉ ሥራቸውን የቃላት ቅደም ተከተል ወረሰው፤ ከግሡ በፊት የሚገኘው ስም በአብዛኛው ባለቤት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስለ ተደረገበት ነገር አስቀድሞ መናገር ለፈለገ ጸሐፊ ዋናው መንገድ ተደራጊ ግሥ ነው።

በዚሁ ዘመን ሌሎች መሣሪያዎችም ጠፍተዋል። ጥንታዊው እንግሊዝኛ «ማን» የሚባል፣ ማንነቱ ያልተወሰነ ሰውን የሚያመለክት ተውላጠ ስም ነበረው። ከአማርኛው መጠይቅ ጋር የሚገናኘው በድምፅ ብቻ ነው። እኛ ባለቤቱን ሳንለይ «እንዲህ ይላሉ» የምንለውን እነርሱ በዚህ ቃል ይሉት ነበር። ቃሉ በ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ ከአገልግሎት ሲወጣ ከሥራው ብዙውን ተደራጊው ተረከበ። ድርጊትን ከሁኔታ ለመለየት ይረዳ የነበረው «ዌኦርዛን» የተባለው ረዳት ግሥም ጠፋ። በዚህ ምክንያት «ዘ ዶር ዎዝ ክሎዝድ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ዛሬ «በሩ ተዘጋ» ወይም «በሩ ተዘግቶ ነበር» ሊሆን ይችላል። ምርጫው ለተርጓሚው የተተወ ነው።

«ቤቱ እየተሠራ ነው» የሚለው አባባል አቻ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። እንግሊዞች ለረጅም ጊዜ በአድራጊው ቅርጽ «ቤቱ እየሠራ ነው» እንደ ማለት ይናገሩ ነበር። አዲሱ ቅርጽ የተስፋፋው ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ግራንት ኋይት እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ አጥብቆ ነቅፎታል፤ ዛሬ ግን የሚነቅፈው የለም። ጆርጅ ኦርዌልም እ.ኤ.አ. በ1946 በጻፈው ድርሰት፣ አድራጊው በሚቻልበት ስፍራ ተደራጊው እንዳይገባ መክሯል። ምክሩ የተሰነዘረው ድርጊትን እንጂ አድራጊን በማይጠራ የፖለቲካ ጽሑፍ ላይ ነው። ያለ ልዩነት ለሁሉም ጽሑፍ ሕግ ማድረግ ግን ከላይ የተገለጸውን ታሪክ መዘንጋት ነው።

ለአማርኛ ተርጓሚ የዚህ ታሪክ ትምህርት ግልጽ ነው። አማርኛ «ን»ንም የግሡን ተሳቢ አመልካችም ይዟል። እንግሊዝኛው በ«ባይ» አድራጊውን ሲጠራ «ውሉ በሁለቱ ወገኖች ተፈረመ» ማለት ግዴታ አይደለም፤ «ውሉን ሁለቱ ወገኖች ፈረሙት» ቢባል የሐሳቡ ቅደም ተከተል ይጠበቃል። እንዲሁም «ሂ ዎዝ ጊቭን ኤ ቡክ» የሚለውን «መጽሐፍ ተሰጠው» እንላለን፤ ተቀባዩ በአማርኛ ባለቤት አይሆንም። ጥንታዊው እንግሊዝኛም ተቀባዩን ባለቤት አያደርግም ነበር።

በውልና በሕግ ጽሑፍ ግን ጥንቃቄው ይበረታል። «ክፍያው በ30 ቀን ውስጥ ይፈጸማል» በሚል ዐረፍተ ነገር ከፋዩ አልተጠራም። ተርጓሚው ለጥራት ሲል «ገዥው ይከፍላል» ቢል ጽሑፉ ያልጣለውን ግዴታ ይጥላል። የተጠራውን አድራጊ ቢያስቀር ደግሞ የተጣለውን ግዴታ ያነሣል። «በ»ም ብቻዋን አትበቃም፤ «ደብዳቤው በጸሐፊው ተላከ» ሲባል ጸሐፊው ላኪም መልእክተኛም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተርጓሚ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግሡ አድራጊ ነው ወይስ ተደራጊ ብሎ አይደለም። ጽሑፉ ማንን ጠራ፣ ማንንስ ሳይጠራ ተወ ብሎ ነው።