አንዲት እሾህ የገለጠችው ምስጢር

እሾህ ወግቷችሁ ያውቃል? ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ይጠዘጥዛል። ቆየት ሲል መግል ይቋጥራል። «ቁስሉ ተቆጣ፣ አመረቀዘ» እንላለን። ለመሆኑ ያ መግል ከየት መጣ? የሰው ልጅ ለዚህች ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ብዙ መቶ ዓመታት ፈጅቶበታል።

በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ሮማዊው ጸሐፊ ሴልሰስ መቅላትን፣ ማበጥን፣ መሞቅንና ሕመምን የመቆጣት አራት ምልክቶች ብሎ መዘገበ። ከሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ታላቁ ሐኪም ኢብኑ ሲና (980–1037) «አል-ቃኑን ፊ አጥ-ጢብ» በተሰኘው መጽሐፉ ስለ እብጠት፣ በዐረብኛው «ወረም»፣ በሰፊው ጻፈ። በዘመኑ ማይክሮስኮፕ ስላልነበረ ግን እብጠት የሚገለጸው ከግሪኮች በተወረሰው የአራቱ የሰውነት ፈሳሾች ትምህርት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1867 በርሊን ውስጥ ዩሊየስ ኮንሃይም የሚባል ሐኪም የእንቁራሪትን አንጀት የያዘውን ስስ ሽፋን በማይክሮስኮፕ ሥር ዘርግቶ ተመለከተ። ነጭ የደም ሴሎች በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ተደርድረው ሲጣበቁ፣ ከዚያም ግድግዳውን ሾልከው ሲወጡ አየ። መምህሩ ሩዶልፍ ቪርኾ የመግል ሴሎች እዚያው ከተጎዳው ሥጋ ይፈጠራሉ ብሎ ያስተምር ነበር። ተማሪው ግን ከደም እንደሚመጡ አሳየ።

ቢሆንም ሌላ ጥያቄ ቀረ። ሴሎቹ የሚወጡት የደም ሥሩ ስለተጎዳ ሾልከው ነው ወይስ ለሥራ ተጠርተው? ኮንሃይም ራሱ ምክንያቱ የግድግዳው መጎዳት ነው ይል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1882 ኢሊያ ሜችኒኮቭ በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ የነበረውን ሥራ ለቆ በጣሊያን ሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ከተማ ተቀምጦ ነበር። እሱ እንደተረከው፣ አንድ ቀን ቤተሰቡ ሰርከስ ለማየት ሲወጣ ብቻውን ከማይክሮስኮፑ ጋር ቀረ። ከግቢው የጽጌረዳ እሾህ ቆርጦ ብርሃን በሚያሳልፈው የባሕር ኮከብ እጭ ቆዳ ሥር ሰካ። በማግስቱ ጠዋት ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውታል! ይህ ፍጥረት የደም ሥር የለውም። ስለዚህ ሴሎቹ ከተጎዳ ግድግዳ ሾልከው አልመጡም፤ ራሳቸው ተጉዘው ደረሱ እንጂ።

በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች ነጭ የደም ሴሎች ጀርምን ተሸክመው በሰውነት ያሰራጫሉ ብለው ያምኑ ነበር። ሜችኒኮቭ ግን «ጀርሙን የሚበሉ ተከላካዮች ናቸው» አለ። ለዓመታት ተከራከረ፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ከፖል ኤርሊኽ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ዛሬ ሂደቱ በዝርዝር ይታወቃል። በተጎዳው ቦታ ያሉ ሴሎች ኬሚካላዊ መልእክት ይልካሉ። የደም ሥሩ ይሰፋል፤ መቅላትና ሙቀት የሚመጣው ከዚህ ነው። ፈሳሽ ይወጣል፤ ቦታው ያብጣል። የደም ሥሩ ውስጠኛ ግድግዳ ተጣባቂ ስለሚሆን በአጠገቡ የሚያልፉ ነጭ ሴሎች እየተንከባለሉ ይዘገያሉ፣ ይጣበቃሉ፣ ሾልከው ይወጣሉ። በሰዓታት ውስጥ ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊል ይባላሉ። መግል በአብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው። ኋላ ማክሮፋጅ የተባሉት ሬሳውንና ፍርስራሹን ያጸዳሉ።

ይህ ሠራዊት ሥራውን ጨርሶ ካልተበተነ ግን የራስን አካል ያጠቃል። በሪህማቶይድ አርትራይተስ የሚጎዳው መገጣጠሚያ ነው። በኮቪድ ደግሞ ሳንባን ያፈነው ብዙ ጊዜ ቫይረሱ ብቻ ሳይሆን የሰውነት ቁጣም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታንያ በተደረገ ሰፊ ጥናት ርካሹ ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩ ሕሙማን የሞቱትን ቁጥር በሲሶ ገደማ ቀንሷል። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ሕሙማን ግን ያው መድኃኒት ጥቅም አላሳየም።

ስለዚህ ወዳጆች፣ ያበጠ ሁሉ ጠላት አይደለም፤ ያበጠን ሁሉ ዝም ብሎ መተውም አይገባም። እንዲህ ያለውን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ ጠላት ሳይጠፋ ተከላካዩን ትጥቅ ማስፈታት ሊሆን ይችላል።