ይቅርታ የነፈገው አሠልጣኝ

ሐምሌ 5 ቀን 1990 ዓ.ም. ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ፊት ከተኮለኮልነው ሰዎች መካከል ፈረንሳይን የደገፈ አልነበረም። እኔም የብራዚል ነበርኩ። የፈረንሳዩን አሠልጣኝ ኤሜ ዣኬን ከነመነጽሩ ሳየው ጡረታው የተቃረበ የገጠር ትምህርት ቤት ዲሬክተር ይመስለኝ ነበር።

እኔስ ባዕድ ነኝ፤ የአገሩ ጋዜጠኞች ብሰው ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤሜ ማለት በፈረንሳይኛ «የተወደደ» ነው። ዣኬ በ1941 ሳይ ሱ ኩዛን በምትባል የሎዋር መንደር ተወለደ፤ በወጣትነቱ በፋብሪካ እየሠራ ኳስ የሚጫወት ወዛደር ነበር። በሴንት ኤትየን ማሊያ አምስት ጊዜ የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሲሆን ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፈው ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በአሠልጣኝነት ደግሞ ከቦርዶ ጋር የሊጉን ዋንጫ ሦስት ጊዜ በላ።

ብሔራዊ ቡድኑን የተረከበው ከሐዘን ቤት ነው ማለት ይቻላል። ፈረንሳይ ለ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ለማለፍ በሜዳዋ ከቀሯት ሁለት ግጥሚያዎች አንዲት ነጥብ ትበቃት ነበር። በእስራኤል 3 ለ 2 ተሸነፈች። በ1993 ኅዳር ወር ከቡልጋሪያ ጋር አንድ ለአንድ ሆና፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት ኮስታዲኖቭ አገባባት። አሠልጣኙ ዤራር ኡሊዬ ለቀቀ፤ ረዳቱ ዣኬ ተተካ።

ዣኬ ካንቶናንና ዢኖላን ትቶ በዚዳን ዙሪያ አዲስ ቡድን ሠራ። በ1996 የአውሮፓ ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ ቢደርስም ጨዋታው አይጥምም ተባለ። ለኪፕ የተባለው የስፖርት ጋዜጣማ ፋታ አልሰጠውም፤ በግንቦት 1998 በ22 ተጫዋቾች ፈንታ የ28 ሰዎች ስም ቢያሳውቅ መሳቂያ አደረገው። በገጠር ቅላጼው ሳይቀር ተቀለደበት።

ያ ቡድን በሰባት ጨዋታ 15 ግብ አግብቶ 2 ብቻ ተቆጠረበት። ብራዚሎች በቆመ ኳስ ላይ ሰው አያያዛቸው ልል መሆኑን ዣኬ ለልጆቹ ነግሯቸው ነበር። ዚዳን ሁለቱንም ግቦች በቴስታ ያስቆጠረው ከማዕዘን ምት ነው። ዴሳይ በቀይ ካርድ ቢወጣም ፔቲ ሦስተኛውን ጨመረ። እኛ ቤት ጸጥ አለ።

በዚያች ሌሊት ዣኬ እነዚያን ጋዜጠኞች መቼም ይቅር እንደማይላቸው ተናገረ። ለኪፕ ስሕተቱን ቢያምንም ሰውየው ቃሉን አላጠፈም። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ያሸነፈ ሰው ሆዱ ቢሰፋ ምን ነበረበት? አሁን ግን ሳስበው፣ ሩብ ፍጻሜው ላይ የጣሊያኑ ዲ ቢያጆ የመለያ ምት አግዳሚውን ባይመታ ኖሮ ያ ይቅርታ ይጠየቅ ነበር? የዣኬ ሥራ እንደሆነ ከኳሷ በፊትም በኋላም ያው ነው። የተጠየቀው ይቅርታ ለዋንጫው እንጂ ለሰውየው አልነበረም።

ዣኬ ከድሉ በኋላ ቡድኑን ለረዳቱ ለሮዤ ለሜር አስረክቦ ሄደ።