የአካባቢ ጥበቃ አቤቱታና የክልል መንግሥታት ተጠያቂነት

ከጉና ተራራ የሚነሱት የርብና የጉማራ ወንዞች የደቡብ ጎንደርን ደጋ አቋርጠው በፎገራ ሜዳ በኩል ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ከፍታው ከ4,100 ሜትር በላይ የሆነው ይህ ተራራ ለደብረ ታቦርና ለአካባቢው ወረዳዎች የውኃ ምንጭ ነው። ይሁን እንጂ እርሻና ልቅ ግጦሽ ወደ አናቱ እየገፉ በመሄዳቸው የአስታ ሽፋኑ ሳስቷል፤ ከላይ የታጠበው አፈርም ታች ሜዳው ላይ ያርፋል። በ1998 ዓ.ም ክረምት በፎገራ የደረሰው የጎርፍ አደጋ በርካታ አርሶ አደሮችን ማፈናቀሉ ይታወሳል።

የአየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ያለውን ጉዳት ሲያባብስ፣ በቂ እርምጃ አልወሰደም የተባለ የክልል መንግሥት በፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችላልን?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። አንቀጽ 92 ግን መንግሥት ለዚሁ "የመጣር" ኃላፊነት እንዳለበት ነው የሚገልጸው። የክርክሩ ሁሉ ቋጠሮ ይህች ቃል ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 33 ከሳሽ በክሱ ጉዳይ ጥቅም ያለው መሆኑን እንዲያሳይ ያስገድዳል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ይህን ግዴታ አንስቶታል። በአዋጁ አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ በ60 ቀናት ውስጥ ክስ መመሥረት ይቻላል። ስለሆነም መልስ ሳይሰጠው በመሳቢያ የተቀመጠ አቤቱታ ራሱ የፍርድ ቤትን በር ይከፍታል።

አንቀጹ ጉዳት አድራሹን እንጂ ቁጥጥሩን ያላላውን መሥሪያ ቤት በስም አይጠራም። አፓፕ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው አገር በቀል የመብት ድርጅት በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ምክንያት በ1990ዎቹ መጨረሻ የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በከሰሰ ጊዜ ክሱ ተቀባይነት አላገኘም። በ2001 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ደግሞ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከመብት ሥራ ስላገደ፣ ሊከሱ የሚችሉት ማኅበራት ቁጥር ተመናምኖ ነበር። አዋጁ በ2011 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል።

በሌላው ዓለም ፍርድ ቤቶች ራቅ ብለው ሄደዋል። በተለይ ለፌዴራል ሥርዓታችን የሚቀርበው የቤልጂየም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ በኅዳር 2023 የብራስልስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የፌዴራሉ፣ የፍላንደርስና የብራስልስ መንግሥታት በ2030 የጋዝ ልቀታቸውን ከ1990 መጠን ቢያንስ በ55 በመቶ እንዲቀንሱ አዟል። አብሮ የተከሰሰው የዋሎኒያ ክልል ጥፋተኛ አልተባለም። ፍርድ ቤቱ እያንዳንዱን የመንግሥት እርከን በየሥራው መዝኗል ማለት ነው።

በአገራችን በ2012 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የአስተዳደር ውሳኔዎች በፍርድ ቤት እንዲከለሱ ፈቅዷል። ይኸው አዋጅ የፌዴራል ተቋማትን፣ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን እንጂ የክልል መሥሪያ ቤቶችን አይመለከትም። በመሆኑም በጉና ተዳፋት ላይ ስለሚደርስ ጉዳት አቤት የሚል የደብረ ታቦር ነዋሪ በቅድሚያ በእጁ ያለው መንገድ አንቀጽ 11 ነው።