ቡናው ቴፒ፣ ከተማው አዲስ አበባ

የቡና ለቀማ ሲደርስ የደቡብ ምዕራቧ ቴፒ ትሰፋለች። ከዳውሮ፣ ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከከፋ ደጋ የሚመጣው ወጣት ከአይሱዙና ከሚኒባስ እየወረደ መናኸሪያውን ይሞላል። አልጋ ይወደዳል፣ ምግብ ቤቱ ድስት ይጨምራል፣ ገበያው እስከ ማታ ይቆያል። ለቀማው አልቆ ቡናው ሲሰበሰብ ደግሞ አብዛኛው ሰው ገንዘቡን ቋጥሮ ወደ አገሩ ይመለሳል። ቆጣሪ የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ በሌላ ወር ነው። ኢትዮጵያ እስካሁን ካካሄደቻቸው ሦስት የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች ሁለቱ፣ የ1976 እና የ1999 ዓ.ም፣ የተካሄዱት በግንቦት ነው፤ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሆኖ ዛፉ ላይ ባለበት ጊዜ። ስለዚህ በመንግሥት መዝገብ ላይ የምናገኛት ቴፒ የግንቦቷ ቴፒ ናት።

ነገሩ ግን ከአንዲት ከተማ ይሰፋል። ቡና ለረጅም ዘመን ከአገሪቱ የወጪ ንግድ ገቢ ከግማሽ በላይ ያስገኘ ሰብል ነው። እንዲህ ያለ ሀብት የሚወጣበት ምድር ትልልቅ ከተሞች ይወልዳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አይፈረድበትም። መዝገቡ የሚለው ሌላ ነው። በ1999 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ቀጥለው የተሰለፉት ድሬዳዋ (233,224)፣ አዳማ (220,212)፣ መቀሌ (215,914)፣ ጎንደር (207,044)፣ ሐዋሳ (157,139) እና ባሕር ዳር (155,428) ናቸው። ከደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ወደዚህ ሰልፍ የተጠጋችው ጅማ ብቻ ናት፤ እሷም በ120,960 ነዋሪ ወደ ኋላ ቀርታ። ሚዛን ተፈሪና አማን አንድ ላይ ተደምረው ወደ 34 ሺህ ሰው ነበራቸው። ቡናው እዚህ ከሆነ ከተማው የት ሄደ?

መልሱን ለማግኘት የአገሪቱ ትልልቅ ከተሞች ተራቸውን እንዴት እንደተቀያየሩ ማየት ያስፈልጋል። ለብዙ ዘመን ትልቁ ከተማ ንጉሡ የሰፈረበት ነበር፤ ንጉሡ ሲነሳ ሕዝቡም ይነሳል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም ጎንደርን ሲመሠርቱ ይህ ልማድ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጋ አለ። ከመቶ ሠላሳ ዓመታት በኋላ ከተማዋን ያየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በሰላም ጊዜ 10 ሺህ ያህል ቤተሰብ ይኖርባታል ብሎ ጽፏል። ከዚያ ዐፄ ቴዎድሮስ አቃጠሏት፤ በ1880 ዓ.ም ደርቡሾች ገብተው ያልነደደውን አነደዱት። አንድ ጊዜ የአገሪቱ ታላቅ ከተማ የነበረችው ጎንደር የጥቂት ሺህ ሰዎች መኖሪያ ሆና ቀረች። ቦታዋን የወሰደችው በ1879 ዓ.ም የተመሠረተችው አዲስ አበባ ናት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ባደረገው ቆጠራ 443,728 ነዋሪ ነበራት፤ በ1976 ዓ.ም ከ1.4 ሚሊዮን አለፈች፤ በ1987 ዓ.ም 2,112,737 ደረሰች፤ በ1999 ዓ.ም ደግሞ 2.7 ሚሊዮን።

ሁለተኛዋ ከተማ ማን እንደሆነች ደግሞ ፖለቲካ ወስኖታል። በ1976ቱ ቆጠራ ሁለተኛዋ 275,385 ነዋሪ የነበራት አስመራ ናት። ኤርትራ ስትለይ በ1987ቱ ቆጠራ ድሬዳዋ በ164,851 ሰው ሁለተኛ ሆነች። ድሬዳዋ ሁለተኛነቱን ያገኘችው አስመራን በዕድገት ቀድማት ሳይሆን ከፊቷ የነበረችው ከተማ ከመዝገቡ ስለወጣች ነው። በአዲስ አበባና በተከታይዋ መካከል ያለው ርቀትም በዚያው ቅጽበት ከአምስት እጥፍ ወደ አሥራ ሦስት እጥፍ ገደማ ተወረወረ። አሜሪካዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ማርክ ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1939 በጻፈው ጽሑፍ የአንድ አገር ቀዳሚ ከተማ ከሁለተኛው እጅግ በልጦ የመገኘት ልማድ እንዳለው አሳይቶ ነበር።  የኛዋ ብልጫ ደግሞ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው።

ድሬዳዋ ራሷ የሐዲድ ልጅ ናት። የባቡሩ መስመር በ1895 ዓ.ም እዚያ ደርሶ ተራራውን ሳይወጣ ሲቀር የሺህ ዓመት ታሪክ ያላት ሐረር ቁልቁል የምታያት አዲስ ከተማ ተወለደች። በ1976 ዓ.ም ሐረር 62,160 ነዋሪ ሲኖራት ድሬዳዋ 98,104 ነበራት። በ1909 ዓ.ም ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲገባ ሞጆና ናዝሬት (የዛሬዋ አዳማ) መስመሩ ላይ ቀሩ፤ የናዝሬት ዕድገት ከዚያ የጀመረ ነው። ሌላው ጉልበት የቢሮ መቀመጫ ነው። ሐዋሳ በ1976 ዓ.ም 36,169 ነዋሪ ይዛ ከጅማ (60,992) እጅግ ታንስ ነበር። የሲዳሞ አስተዳደር ቀደም ሲል ከይርጋለም ወደ እሷ ዞሮ ነበር፤ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ከሆነች በኋላ ደግሞ ጅማን ጥላት ሄደች። ባሕር ዳርም የክልል መቀመጫ ስትሆን ያንኑ አደረገች፤ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት መዲና የነበረችው ደብረ ማርቆስ በ1999 ዓ.ም ስልሳ ሺህ ገደማ ላይ ነበረች።

ሐዲድና ወንበር፤ ሁለቱም ወደ ደቡብ ምዕራብ በአግባቡ አልደረሱም። ደርሰው የነበሩበት ጊዜም አልረጋም። የዚህ ምድር ታሪክ ከፍ ብለው የወረዱ ከተሞች ታሪክ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከሁሉ በፊት የከፋ ንጉሥ መቀመጫዎች ቦንጋና አንደራቻ አሉ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1889 ዓ.ም በመሩት ዘመቻ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ። ጦርነቱና ከእሱ ጋር የመጣው ረኃብ፣ ምርኮና ባርነት ያን አገር ባዶ አስቀረው። ቦንጋ ዛሬም አለች፤ ነገር ግን ከዚያ ውድቀት ለማንሰራራት መቶ ዓመት ፈጅቶባታል።

ቀጥሎ ማጂ ናት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ማጂ ከሚዛን በእጅጉ የምትበልጥ ስመ ጥር የድንበር ከተማ ነበረች፤ የዝሆን ጥርስና የጠመንጃ ንግድ የሚጦፍባት፣ እንግሊዞች ቆንስላ የከፈቱባት። ንግዷ ግን በሰው ልጅ ላይም ነበር። የዲዚ ሕዝብ በባሪያ ፍንገላው ተመናምኖ አካባቢው ሲራቆት ከተማዋም የምትቆምበት መሬት አጣች። ስለ ከተሞች ዕድገት ስናወራ ይህን ዓይነት ቅነሳ አብረን ካልቆጠርን ታሪኩ ጎደሎ ነው። አስተዳደሩ፣ መንገዱና አውሮፕላን ማረፊያው ውሎ አድሮ ወደ ሚዛን ተፈሪ ዞሩ።

ጎሬ ግን ከሁሉም ታሳዝነኛለች። የኢሉባቦር መዲና፣ የራስ ተሰማ ናደው ከተማ፣ የውጭ አገር ነጋዴና ቆንስላ የሰፈረባት ነበረች። ከፍ ያለችው በቡና ነው። በ1894 ዓ.ም በተፈረመው ውል እንግሊዞች ጋምቤላ ላይ የንግድ ሥፍራ ተሰጣቸው፤ ቡናው ከጎሬ ተራራ በበቅሎና በሸክም ወርዶ፣ ባሮ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። በ1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ የመንግሥቱ ሥራ ለወራት የተካሄደው ከጎሬ ነው፤ ይህች ከተማ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን የኢትዮጵያ መዲና ሆናለች። ሱዳን ነፃ ስትወጣ የጋምቤላው ሥፍራ ተመለሰ፤ የወንዙ ንግድም ደከመ። ቡናው በጅማ በኩል ወደ አዲስ አበባ ዞረ። የአስተዳደር መቀመጫው ደግሞ ወደ መቱ ሄደ። በ1999 ዓ.ም ጎሬ ላይ የተቆጠረው ሰው 13 ሺህ አልሞላም።

እዚህ ላይ ባሕር ተሻግሮ ማየት ይጠቅማል። የቡናን ፍሬ ከኛ ምድር በብዙ እጅ ተቀባብላ ያገኘችው ብራዚል ቡና ከተማ እንደሚሠራ ለዓለም አሳይታለች። ሳኦ ፓውሎ እ.ኤ.አ. በ1872 ቆጠራ ወደ 31 ሺህ ሰው ያላት፣ ማንም የማይጠራት ከተማ ነበረች። በ1900 ወደ 240 ሺህ ደረሰች። በ1960 ቆጠራ ሪዮ ዴ ጃኔሮን አልፋ የአገሪቱ አንደኛ ሆነች። ቀድሞ ነገር እ.ኤ.አ. በ1867 የተከፈተው የባቡር መስመር ከእርሻው አገር ወደ ሳንቶስ ወደብ የሚወርደው በእሷ በኩል ነው። ከዚያም በላይ የእርሻ ባለቤቶቹ ቤታቸውን እዚያ ሠሩ፤ ባንካቸውን እዚያ ከፈቱ፤ የቡናውን ትርፍ ፋብሪካ አደረጉት። ወደ እርሻው ከአውሮፓና ከጃፓን የመጣው ሠራተኛ ልጆቹን ያሳደገው በዚያች ከተማ ነው። በዛፉ ላይ የበሰለው ብር እዚያው አካባቢ ተመነዘረ።

የቴፒ ብር የሚመነዘረው ሩቅ ነው። ገበሬው ጀንፈሉን ወይም እሸት ቡናውን ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ ሰብሳቢው ለአቅራቢ፤ አቅራቢው በምርት ገበያ በኩል ወይም በቀጥታ ለላኪ። ቡናውን ለመጨረሻ ጊዜ የመለየቱ ሥራ፣ መጋዘኑ፣ ባንኩ፣ የላኪው ቢሮ፣ የውጭ ምንዛሬው ሂሳብ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ላይ ነው። በእኔ እምነት የኢትዮጵያ ሳኦ ፓውሎ አዲስ አበባ ናት፤ የቡናው ከተማ ያደገው ቡና በማይበቅልበት።

ቴፒ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። አስፋልት ሳይታሰብ በነበረበት ዘመን ከተማዋን ከአገሪቱ ያገናኛት አውሮፕላን ነበር፤ ቴፒም ሚዛን ተፈሪም የየራሳቸው የአየር ማረፊያ ነበራቸው። በደርግ ዘመን የቴፒና የበበቃ የመንግሥት ቡና እርሻዎች ተስፋፉ፤ የበበቃው ብቻ 10 ሺህ ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። ሁለቱም ሠራተኛ ከደጋው ሳቡ፤ ከመጣው ብዙው ተመልሶ አልሄደም። በ1977 ዓ.ም ድርቅ ማግስት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር ይህ ምድር ሌላ ማዕበል ተቀበለ። የመጣው ሰው ፈቅዶ ብቻ አልነበረም፤ ተገዶ የመጣም፣ መንገድ ላይ የቀረም አለ። ጫካው ተመነጠረ፤ ሸኮው፣ መዠንገሩና ሸካቾው መሬቱ ሲጠብ አየ። ዛሬ ቴፒ ገበያ ላይ የሚሰማው የቋንቋ ብዛት የዚህ ሁሉ ታሪክ ውጤት ነው። ከዚያ በ1999 ዓ.ም ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱ ከተሞች ተከፈተ፤ ለቤት ኪራይ፣ ለምግብ ቤትና ለባጃጅ ሥራ አመጣ፤ ከቡና ወቅት ውጭም የሚቆይ ሰው አስገኘ።

በ2003 ዓ.ም ይፋ በሆነው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ ከአዲስ አበባ በጅማ አልፎ በጉራፈርዳ በኩል ወደ ዲማ የሚሄድ የባቡር መስመር ነበረበት። ቢሠራ ኖሮ ሐዲዱ በሚዛንና በቴፒ ደጃፍ ያልፍ ነበር። አልተሠራም።

ወንበሩ ግን መጥቷል። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት ኅዳር ላይ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት መቀመጫነቱን ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ እንዲጋሩት ተወሰነ። ይህን የአስተዳደር ብክነት አድርገው የሚያዩት አሉ፤ በአራቱ ከተሞች መካከል ያለውን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ቅሬታው ባዶ አይደለም። እኔ ግን ውሳኔውን እደግፈዋለሁ። ሐዋሳን ያሳደገ፣ ጎሬንና ደብረ ማርቆስን ያስቀረ ነገር የቢሮ መቀመጫ ከሆነ፣ መቀመጫውን ማካፈል አንዷ ሁሉን ውጣ ሌሎቹ እንዳይቀሩ የሚደረግ ተገቢ ሙከራ ነው። ሙከራው መሥራቱንና አለመሥራቱን ለማወቅ ግን መቁጠር ያስፈልጋል።

መቁጠር ደግሞ አልቻልንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ቆጠራ ይካሄዳል ይላል። አራተኛው በ2010 ዓ.ም ሊካሄድ ታቅዶ ደጋግሞ ተራዘመ፤ እስካሁንም አልተካሄደም። ስለዚህ ማን ሁለተኛ፣ ማን አምስተኛ ከተማ እንደሆነ የምንከራከርበት ቁጥር ሁሉ ከ1999 ዓ.ም ተነስቶ በስሌት የተገመተ ነው። ግምቱ ጦርነት ያፈናቀለውን፣ አዲስ ክልል የሳበውን፣ ዩኒቨርሲቲ ያስቀረውን ሰው አያውቅም። የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያና የውኃ በጀት የሚሰላው ግን በእሱ ነው። ለአዲስ አበባ የመቶ ሺህ ሰው ስህተት ከመቶ አራትም አይሞላ ይሆናል፤ ለቴፒ ዓይነት ከተማ የአሥር ሺህ ሰው ስህተት ከተማዋን ሌላ ያደርጋታል።

አራተኛው ቆጠራ ቀኑ ሲቆረጥ የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤቱ አንድ ነገር እንዲጨምር እጠይቃለሁ። ከነዋሪው ቆጠራ ጎን ለጎን በለቀማው ወራት በቴፒ፣ በበበቃና በሚዛን አካባቢ የሚያድረውን ወቅታዊ ሠራተኛ የሚመዘግብ ጥናት ይካሄድ። ቡናውን የሚለቅመው ሰው ውኃ የሚጠጣው፣ የሚታከመውና የሚያድረው እዚያ ነው፤ በጀቱም ሊቆጥረው ይገባል።