ድብልቅ ድምፅ ማጉያ፦ የመውጫ ኢምፔዳንስና የሞስፌት ጌት በቆላ አገር

ድብልቅ ድምፅ ማጉያ የሚባለው፣ ከማይክሮፎን የሚመጣውን ደካማ ምልክት በመጀመሪያ በቫልቭ አሳድጎ፣ ድምፅ ማውጫውን የሚያንቀሳቅሰውን ብርቱ ኃይል ግን ከሞስፌት ትራንዚስተር የሚያገኝ መሣሪያ ነው። ከሁለቱ ወገኖች ቫልቩ በዕድሜ ታላቅ ነው፤ ሊ ደ ፎረስት ባለ ሦስት ኤሌክትሮዱን ቫልቭ በ1906 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ፣ አታላና ካንግ የመጀመሪያውን ሞስፌት በቤል ላቦራቶሪ የሠሩት በ1959 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለድምፅ ማጉያ የሚበቃ ኃይል ያለው ሞስፌት በገበያ የታየውም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ስለ ቫልቭ ድምፅ ጣዕም ብዙ ይባላል፤ የመሣሪያው ደግነትና ክፋት የሚለየው ግን በቫልቩ ጣዕም ሳይሆን፣ ታላቅና ታናሹ በሚገናኙበት በአንዲት ነጥብ፣ ማለትም ምልክቱን በሚቀበለው የትራንዚስተሩ እግር፣ በጌቱ ላይ ነው።

የመውጫ ኢምፔዳንስ ማለት አንድ የማጉያ ክፍል ከእርሱ ቀጥሎ ላለው ክፍል ከረንት ሲሰጥ በራሱ ውስጥ የሚገጥመው ተቃውሞ ነው፤ ይህ ተቃውሞ የበዛ እንደ ሆነ፣ ተቀባዩ ጥቂት ከረንት እንኳ ቢጠይቅ የሰጪው ቮልቴጅ ይወድቃል። ሞስፌት በዚህ ረገድ ሲታይ መናኝ ይመስላል፤ ጌቱ ከቀረው አካሉ በስስ የሲሊከን ኦክሳይድ ሽፋን የተለየ በመሆኑ፣ ምልክቱ ጸጥ ብሎ በቆመ ጊዜ ከረንት ፈጽሞ አይጠይቅም ማለት ይቻላል። ብዙ ጀማሪዎች ከዚህ ተነሥተው ጌቱን ማናቸውም ቫልቭ ያንቀሳቅሰዋል ብለው ይደመድማሉ። ምናኔው ግን ምልክቱ እስኪነቃነቅ ድረስ ብቻ ነው፤ ያው ስስ ሽፋን ጌቱን ካፓሲተር ስለሚያደርገው፣ ቮልቴጁ በወጣና በወረደ ቁጥር በቻርጅ መሞላትና መራገፍ ግድ ይሆንበታል፤ ይህንንም ዕዳ የሚከፍለው ቫልቩ ነው።

የዕዳውን መጠን ለመገመት፣ በሠሪዎች ዘንድ የታወቁትን አይአርኤፍፒ 240 እና ተጣማሪውን 9240 እንመልከት፤ የእያንዳንዳቸው የጌት ካፓሲታንስ ከ1300 ፒኮፋራድ ብዙ የማይርቅ ነው። ሞስፌቶቹ ሶርስ ፎሎወር በሚባለው አሠራር የቆሙ እንደ ሆነ፣ ሶርሱ ጌቱን ተከትሎ አብሮት ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ በመካከላቸው ያለው ካፓሲታንስ አብዛኛው እንደሌለ ይቆጠራል፤ በጌትና በድሬይን መካከል ያለው ግን ሳይቀነስ ይቀራል፤ ስለዚህ ጥንዱ በጠቅላላው 500 ፒኮፋራድ ያህል ጭነት ሆኖ ይታያል። ይህም ቍጥር የጸና አይደለም፤ ምልክቱ ትልቅ ሆኖ ጌቱ ወደ ድሬይን ቮልቴጅ በቀረበ መጠን ካፓሲታንሱ ያድጋል፤ ቫልቩ ደካማ ከሆነ ዕድገቱ በቀጥታ ወደ ድምፅ መበላሸት ይለወጣል።

አሁን ኢሲሲ 83 የተባለው ቫልቭ፣ 100 ኪሎኦም ሬዚስተር በአኖዱ ላይ ተሸክሞ፣ ይህን ጥንድ ያንቀሳቅስ ዘንድ ቢታዘዝ የሚሆነውን እንመልከት። የቫልቩ ውስጣዊ ተቃውሞ 62 ኪሎኦም ገደማ ነውና፣ ከሬዚስተሩ ጋር ተዳምሮ የመውጫ ኢምፔዳንሱ 38 ኪሎኦም ይሆናል፤ ይህ ኢምፔዳንስ ከ500 ፒኮፋራድ ጋር ሲገናኝ ከ8 ሺህ ሄርዝ በላይ ያለውን ድምፅ መቁረጥ ይጀምራል። በቅኔ ማኅሌት ለተቀዳ ዜማ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ከበሮውና የመሪጌታው ድምፅ እንዳሉ ሲቀሩ፣ የጸናጽሉ ጥራት ግን ይደበዝዛል፤ በገና ከአውታሩ ሥር ባለው ቁርበት፣ በእንዝራው፣ የሚያገኘው ያ ልዩ ንዝረትም ደንዝዞ ይሰማል። በዚህ ላይ ሌላ ችግር አለ፤ በ20 ሺህ ሄርዝ 30 ቮልት ከፍታ ያለውን ምልክት ወደ 500 ፒኮፋራድ ለማድረስ 2 ሚሊአምፔር ያህል ያስፈልጋል፤ በ1 ሚሊአምፔር የሚተዳደር ቫልቭ ይህን ከየት ያመጣዋል?

መፍትሔው ቮልቴጅ የሚያሳድገውን ቫልቭ ከጌቱ ለይቶ፣ በመካከላቸው ካቶድ ፎሎወር፣ ማለትም ምልክቱን ከካቶዱ የሚሰጥ ቫልቭ፣ ማቆም ነው። ኢሲሲ 88 በዚህ ሥራ ሲሰማራ፣ በ10 ሚሊአምፔር ገደማ የመውጫ ኢምፔዳንሱ ወደ 100 ኦም ይወርዳል፤ ጌቱ በራሱ እንዳይንቀጠቀጥ በተርታ ከሚገባው 220 ኦም ሬዚስተር ጋር እንኳ ሲደመር፣ ገደቡ ወደ 1 ሚሊዮን ሄርዝ ይደርሳል። ሆኖም ካቶድ ፎሎወር ወደ ላይ ሲገፋ ብርቱ፣ ወደ ታች ሲስብ ግን ሰነፍ ነው፤ ቁልቁል የሚስበው ቫልቩ ሳይሆን በካቶዱ ሥር ያለው ሬዚስተር ነውና፣ በሬዚስተሩ ፈንታ ቋሚ የከረንት ምንጭ ማኖር የተሻለ ነው።

የማጉያው የመጨረሻ ኢምፔዳንስ፣ ማለትም ድምፅ ማውጫው የሚያየው፣ የከበሮውን ጠባይ ይወስናል። ወደ ኋላ የሚመልስ ምልክት የሌለው ጥንድ ሶርስ ፎሎወር ግማሽ ኦም ያህል አለው፤ 8 ኦም ለሆነ ስፒከር ይህ በቂ ነው፤ በወደ ኋላ መላሽ ምልክት ከዚያም በታች ይወርዳል። አሥረኛ ኦምን እያሳደዱ የሚደክሙ ሰዎች ግን ሽቦውን ይረሱታል፤ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ በ50 ሜትር ርቀት ሲዘረጋ፣ ሄዶ በመመለሱ ብቻ ከ1 ኦም በላይ ይጨምራል። ሞንታርቦውን ከዓውደ ምሕረቱ አርቆ በዛፍ ሥር የሚያቆም ሰው የማጉያውን መልካምነት በሽቦው ላይ ጥሎት ይቀራል።

ቆላው የሚጨምረው ፈተና ሙቀት ነው። የመጋቢት ወር በቆላው በመተማ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ወቅት ነው። 30 ዋት የሚያባክን ማጉያ ለእያንዳንዱ ዋት 1 ዲግሪ በሚያድግ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ላይ የተሠራ እንደ ሆነ፣ በ22 ዲግሪ የጎንደር ቀን ማቀዝቀዣው 52 ዲግሪ ሲሆን፣ በ42 ዲግሪ የመተማ ቀን 72 ይደርሳል። የቆላው አየር ከደጋው የወፈረ በመሆኑ ሙቀትን በመጠኑ የተሻለ ያነሣል፤ ልዩነቱ ግን 20ውን ዲግሪ የሚክስ አይደለም። የተራው ሞስፌት የመክፈቻ ቮልቴጅ በእያንዳንዱ ዲግሪ 6 ሚሊቮልት ያህል ስለሚወርድ፣ በጎንደር፣ ምልክት በሌለበት፣ 100 ሚሊአምፔር ላይ የተቀናበረ ጥንድ በመተማ ከ150 ሊያልፍ ይችላል፤ ከረንቱ ሙቀትን፣ ሙቀቱም ከረንትን እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ይህን ከረንት የሚያስተካክለው ትራንዚስተር በማቀዝቀዣው ላይ ተጣብቆ ሙቀቱን አብሮ ሊቀምስ ይገባል፤ ወይም ላተራል የተባለው የሞስፌት ዓይነት ይመረጥ፤ እርሱ ከ100 ሚሊአምፔር ገደማ በላይ ሲሞቅ ከረንቱን በራሱ ይቀንሳል።

ከጎንደር በሸህዲ አልፎ ወደ ገዳሪፍ የሚሻገር የ230 ኪሎቮልት መሥመር ቢኖርም፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን ማሰብ ያስፈልጋል። ቫልቩ ገና ሳይሞቅ አኖዱ ወደ ሙሉ ቮልቴጅ ይወጣል፤ በአኖድና በጌት መካከል ካፓሲተር ካለ፣ ይህን ዝላይ ሳይቀንስ ያሳልፈዋል። ማጉያው ሳይጠፋ ቫልቩን የሚነቅል ሠራተኛም ያንኑ ያደርጋል። የጌቱ ሽፋን የሚታገሠው ግን 20 ቮልት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በጌትና በሶርስ መካከል የ12 ወይም የ15 ቮልት ዜነር ዳዮድ ይበየዳል። በደረቁ ወራት፣ ናይለን ልብስ የለበሰ ሰው በሰውነቱ የሚሸከመው ቻርጅ በሺህ ቮልት የሚቆጠር ስለሆነ፣ አዲስ ሞስፌት ከመንካት በፊት ከመሬት ጋር የተያያዘ ብረት መንካት፣ መበየጃውንም ከመሬት ጋር ማያያዝ፣ ሦስቱንም የትራንዚስተሩን እግሮች ዜነሩ እስኪበየድ ድረስ በቀጭን ሽቦ አስሮ ማቆየት ያስፈልጋል።